ሙሉ ብልቃጥ

ሣጥኖቹ ቢቸና የገቡት በጭነት መኪና ላይ፣ በባዶ ጆንያ ተሸፍነው ነው። ሦስት ነበሩ። ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ጠርዛቸው በቆርቆሮ ታስሯል። ወንድሜ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ ከመኪናው ጎን ጎን እየሮጠ ገባ። አስተማሪ ሲሮጥ አይተን ስለማናውቅ ሁላችንም ሳቅን። ስለ እሱ ለመጻፍ ስነሣ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ሩጫ ነው። የቀረውን ግን እንዲህ በቀላሉ አልጽፈውም።

እኛ የሞጣ ልጆች ነን። ወንድሜ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቶ ቢቸና ሲመደብ እናታችን «ታናሽህን ይዘኸው ሂድ፤ ብቻህን የበላኸው አይረባህም» አለችው። ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን ተቀመጥን። እሱ ሳይንስ ያስተምራል፤ እኔ በእሱ ክፍል ዘጠነኛ እማራለሁ። ቤት «ጋሼ» እለዋለሁ፤ ትምህርት ቤት «ቲቸር»። አንዳንዴ ተምታቶብኝ ክፍል ውስጥ «ጋሼ» ካልሁት ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ይጫወቱብኝ ነበር።

ሣጥኖቹ ከመምጣታቸው በፊት ሳይንስ ማለት ጠመኔ ነበር። ቴርሞሜትር በጠመኔ ይሣላል፤ እኛም ደብተራችን ላይ እንሥለዋለን። ፈተና ላይ መልሰን እንሥለዋለን። ወንድሜ አንድ ቀን ሥሎ ጨረሰና «ይኸን ዕቃ እኔም በእጄ ይዤው አላውቅም» አለ። ማንም አልሳቀም።

ስለዚህ አንድ የውጭ አገር ድርጅት በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ዕቃ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ርዳታ እንደሚሰጥ ሲሰማ፣ ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ ዲሬክተሩን አስፈረመ። ሞጣም አመልክቶ ነበር። ዕድሉ ለቢቸና ወጣ፤ ግን ለሙከራ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ተማሪዎች በገዛ እጃቸው ሲሠሩ ካዩ፣ ለቢቸና የላቦራቶሪ ክፍል ይሠራል፤ ከነጠረጴዛው፣ ከነውሃ ቧንቧው። ተማሪ የማይነካው ከሆነ ግን ሣጥኖቹ ተጭነው ወደ ሞጣ ይሄዳሉ። ወንድሜ ይህን ለክፍሉ ሲነግር ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «የሞጣ ሰላይ» ሆነ። ብርጭቆ ባነሣሁ ቁጥር «ቀስ በል፣ ላገርህ ትደርሳለች» ይሉኝ ነበር።

ወንድሜ ያን ክፍል ክፉኛ ፈለገው። ማታ ማታ ወለላችን ላይ በጣቱ እየሠመረ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚሆን ያሳየኝ ነበር።

ችግሩ ዕቃው የመንግሥት ንብረት ሆኖ መግባቱ ነው። የመንግሥት ንብረት በፈረመበት ሰው አንገት ላይ ይንጠለጠላል። የዕቃ ቤት ጠባቂያችን ሸምገል ያሉ፣ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የነበረው ጠባቂ ጉድለት ተገኘብህ ተብሎ ደብረ ማርቆስ ታስሮ ነበር። ሲፈታ ሰው ሆኖ አልተመለሰም፤ ይኸን ቢቸና ያለ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሽማግሌው ሣጥኖቹን ሲረከቡ እያንዳንዱን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ፤ እያዩም ጮክ ብለው «ሙሉ» አሉ። ሁሉም «ሙሉ» ከተባለ በኋላ ቆለፉ። ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አሠሩት።

ወንድሜ በየቀኑ ሄዶ ይለምናቸው ነበር።

«አባቴ፣ ይኸ እኮ ሊሠራበት የመጣ ነው።»

«ይሠራበታል። ጎብኚዎቹ ሲመጡ ይወጣል፤ ያዩታል፤ ይገባል።»

«ልጆቹ ሲነኩት ነው ማየት የሚፈልጉት።»

«ሲነኩት ያያሉ። ከዚያ በፊት ለምን ይነካል?»

ወንድሜ እየሳቀ ነው የተመለሰው፤ ግን ምሳውን አልበላም። በኋላ ዲሬክተሩ ገባበትና ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲከፈት ተወሰነ። ሽማግሌው በሩ ላይ ዱካቸውን፣ ያችን አጭር በርጩማ፣ አስቀምጠው ይቀመጣሉ፤ እኛ እንሠራለን።

ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት አንዱን ሙከራ ነው። ጨው የሚመስል ነጭ ነገር አለ፤ ጥቁር ዱቄት አለ። ሁለቱ ተቀላቅለው በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ሲሞቁ የማይታይ አየር ይወጣል። ነበልባሉ ጠፍቶ ጫፉ ብቻ የቀላ ጭራሮ እዚያ አየር ውስጥ ሲገባ ቦግ ብሎ ይነዳል። ወንድሜ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፤ የምንሠራው እኛ ነን። መጀመሪያ የሠራችው ልጅ ጭራሮው ሲነድባት ጥላው ሮጠች። ከዚያ ተመልሳ «ልድገመው?» አለች።

ሽማግሌው ግን ጭራሮውን አያዩም ነበር። የሚያዩት ብልቃጡን ነው።

«ይኸ ጥቁሩ ወረደ» ይላሉ።

«ካልወረደ ምኑን ተማሩ አባቴ?»

«ለአንተ ወረደ ነው። ለመርማሪ ግን ጎደለ ነው።»

«ጎደለ ካሉ እኔ እጠየቅበታለሁ።»

«የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አሉ ሽማግሌው።

ወንድሜን ይወዱት ነበር። ይህን አሁን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን እውነት ነው። ዝናብ በጣለ ቀን ጋቢያቸውን አውልቀው ያለብሱት ነበር።

በዚያ ዓመት አገሩም ደህና አልነበረም። መሬት ሊለካ ነው፣ ግብር ሊጨምር ነው ይባላል። ሣጥኑ ውስጥ ሚዛንና መለኪያ እንዳለ ወሬው ወጥቶ ነበር። የገጠር ሰዎች ለገበያ ሲመጡ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተደግፈው ያዩናል። አይናገሩም። አንድ ቅዳሜ ብቻ አንዱ ወንድሜን ጠርቶ «ይኸ ዕቃ ርስት ይለካል?» አለው። ወንድሜ «የሚለካው ጨው ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውየው አልሳቀም። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጥቶ እዚያው ቆመ።

ለፋሲካ ሞጣ ስንሄድ የእናታችን ወንድም ይኸንኑ አነሣ። አጎቴ ጠመንጃውን ከራስጌው የማይለይ፣ በጎልማሳነቱ ባሩድ በገዛ እጁ ይቀምም የነበረ ሰው ነው። «ፈረንጅ እንዲያው ሣጥን አይሰጥም። ዓመቱ ሲያልቅ የሚሆነውን እናያለን» አለ። ወንድሜ የላቦራቶሪውን ክፍል ሊያስረዳው ሞከረ። አጎቴ እየሰማ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። እናቴ ስንሄድ ወንድሜን አቅፋ ቶሎ አልለቀቀችውም።

ግንቦት ሲያልቅ የጎብኚዎቹ ቀን ተነገረ። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል። ትምህርት ቤቱ አጥሩን አጠበቀ፤ ድንጋዩን ኖራ ቀባ። ሽማግሌው በእነዚያ ቀናት ዝም አሉ። ወንድሜ ሰላም ሲላቸው ዓይኑን አያዩትም። እሱ የመሰለው ጭንቀት ነው። «ምስኪን፣ ጎብኚ መጣ ሲሉ ወኅኒ ይታያቸዋል» አለኝ።

ጎብኚዎቹ ሊመጡ በዋዜማው ሁሉንም እንደ ነገው አድርገን እንድንሠራው ተሰበሰብን። ሽማግሌው ዕቃዎቹን ራሳቸው አወጡ፤ አጥበው፣ ወልውለው፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ብልቃጦቹ ሁሉ ያብረቀርቃሉ። የጥቁሩ ዱቄት ብልቃጥ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ወንድሜ አየት አደረገውና «አዲሱን ከፈቱልኝ እንዴ?» አለ። በሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ያልተነካ ሌላ ብልቃጥ እንዳለ ያውቅ ነበር። ሽማግሌው «ሁሉም ሙሉ ነው» አሉ። ብለውም ወጡ።

ለነገው ብዙ ጠርሙስ አየር በአንድ ጊዜ መሙላት ስለነበረበት ወንድሜ ወፍራሙን ቱቦ መረጠ። ወትሮ የሚይዙት ልጆች ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። «አይደለም፤ ይኸ ቱቦ አዲስ ነው። ዛሬ መጀመሪያ እኔ፣ ነገ እናንተ» አላቸው። ወደ ግድግዳው እንድንጠጋም አዘዘን። እኔ መስኮቱ ሥር ነበርሁ። የማሞቂያውን መብራት ለኮሰ፤ ቱቦውን ወደ ነበልባሉ አስጠጋ።

ድምፁ የጥይት ነበር። አጥሩ ላይ የቆሙት ሰዎች በደረታቸው ተኙ። ጭሱ ገለጥ ሲል ወንድሜ እንደቆመ ነው፤ አገጩን ከሥር በእጁ ይዟል። በጣቶቹ መሀል ደም ይወርዳል።

«ማን ተጎዳ?» አለ።

«ማንም» አልሁት።

«ቁጠራቸው።»

ቆጠርኋቸው። ሁሉም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠው።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አንገቱን አሠረለትና ስባሪው ከውስጥ ስለሆነ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ካልደረሰ እንደማይሆን ነገረን። ጤፍ የጫነ መኪና ተገኘ። ጆንያው ላይ ተኝቶ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁለት። ዝናቡ ጀመረ። መኪናው ጭቃው ላይ ይቆማል፤ ወርደው ይገፉታል፤ ደግሞ ይሄዳል። ወንድሜ የተናገረውን ግን አንዱንም አልረሳሁትም።

«ልኬቱን ተሳሳትሁ» አለኝ። «ወፍራም ነው ብዬ አበዛሁት መሰለኝ። ልጆቹ ይዘውት ቢሆን ኖሮ…» ደግሞም፦ «እኔ ነኝ የተሳሳትሁ። ለዲሬክተሩ ንገረው።»

እኔ የማውቀው ልኬት እሱ ያስተማረኝን ነው። አልተሳሳትህም ማለት አልቻልሁም፤ ተሳስተሃልም አላልሁም። ደጀን ሳንደርስ ዝም አለ። መኪናው ዞረ። ቢቸናን አልፈን ሞጣ ወሰድነው፤ ጊዮርጊስ ተቀበረ።

ጎብኚዎቹ በቀጠሯቸው ቀን እንደመጡ በኋላ ሰማሁ። የተሰባበረውን ብርጭቆ አዩ፤ ወለሉ ላይ ያለውን ደም አዩ። ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣው ሹም አደጋው የደረሰው በአስተማሪው ስሕተት ነው ብሎ ደመደመ። ዲሬክተሩ አልተከራከረም፤ እኔም ወንድሜ ያለውን ልኬለት ነበርና። ቢቸና ላቦራቶሪ አልተሠራለትም። ሣጥኖቹ ለሞጣ እንዲሰጡ ተወሰነ፤ ውሉ ግን ያው ነው፤ በአዲሱ ዓመት ጎብኚዎች ይመጣሉ፤ ተማሪ በእጁ ካልሠራበት ዕቃው ይነሣል።

የቢቸናው ዕቃ ቤት ጠባቂ ሣጥኖቹን ለማስረከብ አብረው መጡ። ወደ ትምህርት ቤቱ ግን ቀድመው አልሄዱም። ከሰዓት በኋላ እኛ ግቢ በር ላይ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቆሙ። ያኔ ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ገና አልቀሩም ነበር። ድንጋይ የሚሸከም ሰው ምን ሊል እንደሚመጣ በእኛ አገር የማያውቅ የለም።

«ምን አድርገሃል?» አለ አጎቴ።

«ልጃችሁን የገደልሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ቀጥ አድርገው ተናገሩ። ጎብኚዎቹ ብልቃጦቹን ይመረምራሉ፣ ጥቁሩ ጎድሎ ያገኙታል፣ «እኔ እጠየቅበታለሁ» ያለው ልጅ ይታሰራል ብለው ፈሩ። ከቤታቸው ከሰል ወስደው በሙቀጫ ወቀጡት፤ በጨርቅ ነፉት፤ ብልቃጡን ሞሉት። ጥቁር ነውና ከጥቁሩ አልተለየም። ከሰል ጉዳት ያለው አልመሰላቸውም። ድምፁን ሲሰሙ ግን ገባቸው።

አጎቴ ሳይጨርሱ ተነሣ። «ከሰልና ጨው! ባሩድ ቀምመህ ነው የሰጠኸው» አለ። ወደ ውስጥ፣ ጠመንጃው ወዳለበት ገባ። ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? ስሕተቱ በወንድሜ ስም ተጽፎ አልቋል። ግን ብልቃጡ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ሞጣ ገብቷል። ሌላ ልጅ ያሞቀዋል። ይህንንም ራሳቸው ተናገሩ፤ እንደ ምክንያት ሳይሆን ቶሎ እንድንሄድ ነው።

እናቴ ግን የጠየቀችው እሳቸውን አይደለም። ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ ይኸን ያውቅ ነበር?»

በመኪናው ላይ የተናገረውን ለማንም በሙሉ አልነገርሁም ነበር። ያኔ ነገርኋት። እየቆራረጥሁ ነው የነገርኋት። እናቴ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች።

«እንግዲያ እኛ ዘንድ ምን ያደርጋሉ?» አለቻቸው። «ድንጋዩን ያውርዱና ሄደው ለእሱ ይንገሩት።»

አጎቴ ጠመንጃውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። እናቴ አላየችውም፤ ወይም ያላየች መሰለች። እኔ ሽማግሌውን ይዤ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ አጎቴ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ ይከተለን ነበር። እኔም ከሽማግሌው በቀኝ በኩል ሄድሁ።

ጊዮርጊስ አጥር ግቢ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። አጎቴ ከቅጥሩ ውጭ ቀረ። ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። ጸሎት የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር፤ አልጀመሩም። «ልጄ፣ ልኬትህ ልክ ነበር» አሉ። ከዚያ ከሰሉን፣ ሙቀጫውን፣ ጨርቁን፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ አንድ በአንድ ነገሩት። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ሲጨርሱ መልስ የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ሄደን ሣጥኑ ተከፈተ። ለሞጣው የሳይንስ አስተማሪ ሁሉንም ነገርነው። ከሐረር ተመድቦ የመጣ እስላም ነው፤ ወንድሜን አያውቀውም ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ ሁለቱንም እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ብልቃጡን ከከተማው ወጣ ብለን ጉድጓድ ውስጥ በውሃ አፍስሰን ቀበርነው። በማግስቱ ርክክቡ ላይ ጉድለት ተብሎ ተጻፈና ሽማግሌው ፈረሙበት። ከሥራ እንደወጡ ሰማሁ። እዚያው ቢቸና ናቸው። አጎቴ ስለዚያ ቀን አንሥቶ አያውቅም። ቢቸና መሄድ አለብኝ ሲል ግን እናቴ ምክንያቱን ትጠይቀዋለች፤ እሱም ይቀራል።

እኔን እናቴ ወደ ቢቸና አልመለሰችኝም። ሞጣ ገባሁ። አዲሱ ዓመት ሲጀመር የሐረሩ አስተማሪ ሣጥኖቹን በአንድ ክፍል ውስጥ አወጣቸው። ሳይቆልፍ ነው የተዋቸው። ግን የሚነካቸው ጠፋ። ሰው የሞተበት ዕቃ ነው ተባለ። ወላጆች መጥተው ልጆቻችን እዚያ ክፍል አይግቡ አሉ፤ አንዳንዱ ጠመንጃውን እንዳነገተ ነው የመጣው። ተማሪ ካልነካው ሣጥኖቹ ከሞጣም ይሄዳሉ። ከእኛ አልፈው ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ ወንድሜ የሮጠላቸው ሣጥኖች።

አስተማሪው ከሁሉ የቀለለውን መረጠ፤ እሳት የሌለበትን። የኖራ ውሃ ነው፤ ጥርት ያለ። በቀጭን ቱቦ ትንፋሽህን ትነፋበታለህ፤ ሌላ ምንም የለውም። «ማን ይሞክራል?» አለ። ልጆቹ በሩ ላይ ተጠጋግተው ቆሙ። ማንም አልገባም። እሱም እኔን አላየኝም፤ እያወቀ ነው ያላየኝ።

ገባሁ። ብርጭቆውን ስይዘው ጋደል አለብኝና ውሃው ፈሰሰ። አስተማሪው ሌላ ቀዳልኝ። ቱቦውን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ ግን አልነፋ አለኝ። አስተማሪው ጠበቀኝ። ከዚያ ነፋሁ። ውሃው ቀስ እያለ ደፈረሰ፤ ወተት መሰለ።

ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ልጅ ከኋላ «ነጣ» አለ፤ ሌላው ዝም አሰኘው።

አስተማሪው ደግሞ «ማን ይሞክራል?» አለ። በሩ ላይ ያሉት መሬት መሬቱን አዩ። ብርጭቆውን አጠብሁና እንደገና ጀመርሁ።